የታንከር አጣቢው ብሩሽ

የሽማግሌው ካፖርት ቀኝ ኪስ ሁልጊዜ እንዳበጠ ነው፤ ብሩሽ አለበት። ዕድሜውን ሙሉ የውሃ ታንከር ሲያጥብ፣ አረንጓዴ ባየ ቁጥር ሲፍቅ ኖሮ፣ በስተርጅና ያንኑ አረንጓዴ፣ አልጌ የሚሉትን፣ ለነዳጅ የሚያረባ ቤተ ሙከራ ቀጠረው። ሥራው የመስታወት በርሜሎቹን መጠበቅ ነው። አረንጓዴው ውሃ ፀሐይ ላይ አረፋ ሲደፍቅ እጁ ወደ ኪሱ ይሾልካል፤ እሱም እጁን እንደ ባለጌ ልጅ ተቆጥቶ ይመልሰዋል።

"ነዳጁ የታል፣ ልጄ?" አላት ተመራማሪዋን።

"አረፋው ውስጥ ነው፣ አባባ። ሃይድሮጅን ይባላል። አይታይም፣ አይሸትም።"

"አይታይ፣ አይሸት። መኪና ግን ይነዳል ትይኛለሽ።"

"ይነዳል።"

ግራ ገብቶት በርሜሉን አየ፤ እሷን አየ።

"እንዲህ ያለ ውሃ ጠጥታ ነው የኔዋ ልጅ የሞተችብኝ" አለ፣ ቀስ ብሎ። "ታዲያ እኔ ምኑን ልጠብቅ? ጠላቴን ነው ወይስ እንጀራዬን?"

እሱ ብሩሹን አውጥቶ ሰጣት።

"ያዥልኝ። እጄን አላምነውም።"

ከዚያ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ሰው፣ መዳፉን መስታወቱ ላይ አሳረፈ። ብዙ ቆየ።

"መስኮቱን ዝጊው" አላት። "በርዶታል።"