የስለት ድንጋይ የከበዳት መርከብ

ትሪፖ መርከብ ሲመረምር ከመዶሻው በፊት የሚያወጣው ምላሱን ነበር። ከማዕበል የተረፈች መርከብ ወደ ወደባችን ፔራስት ገብታ መልሕቋን ስትጥል፣ ሰላምታውን አሳጥሮ ወደ ሆዷ ይወርድና እርጥብ ሳንቃ ባየበት ሁሉ ጣቱን አስነክቶ ይቀምሳል። ጨው ጨው ካለው ውሃው ከባሕር የገባ ነው፤ ቁስሉም ከታች ነው። ካላለው ዝናብ ነው፤ በላይኛው ወለል ስንጥቅ ተንጠባጥቦ የወረደ። ሚስቱ አኔ፣ "እኔን ከሳመው መርከብ የላሰው ይበልጣል፤ ሾርባዬን ሁልጊዜ ጨው አነሰው የሚለኝ ለዚህ ነው" እያለች ጎረቤቶቿን ታስቅ ነበር።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፤ በሳንቃዎች መካከል ያለውን ስንጥቅ በቃጫ ጠቅጥቆ በፈላ ቅጥራን መድፈን። ሲሠራ ግን እንዲያ አይደለም። ቃጫው ከላላ ባሕር ይገባል። ከመጠን በላይ ከተጠቀጠቀ ደግሞ ሳንቃው ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ቦታ ያጣና ሚስማሩን ይነቅላል። ትሪፖ ልኩን የሚያውቀው በጆሮው ነው። መዶሻው መሮውን ሲመታ ድምፁ ከታፈነ "ዱም" ወደ ጠራ "ቋ" የሚለወጥባት ቅጽበት አለች፤ እጁ እዚያ ላይ ይቆማል። በወደቡ ዳር መረብ የሚጠግኑት ሴቶች እንኳ ያቺን "ቋ" ከመልመዳቸው የተነሣ፣ ስትዘገይባቸው ቀና ብለው ያያሉ።

የቬኒስ ባንዲራ በምሽጋችን ላይ በሚውለበለብበት በዚያ ዘመን፣ በአንድ የመጋቢት ማለዳ "ሳንታ ማርታ" ገባች። ካፒቴኗ ክርስቶ የትሪፖ አበልጅ ነው፤ ትልቋን ልጁን ክርስትና ያነሣለት እሱ ነበር። ከኢጣልያዋ ፑልያ የወይራ ዘይት ጭና ስትመጣ ዩጎ፣ ያ እርጥብ የደቡብ ነፋስ፣ በአልባንያ ዳርቻ አግኝቷት ገፍቶ ገፍቶ በቦያና ወንዝ አፍ ደለል ላይ አስቀመጣት። መርከበኞቹ የመሃሉን በርሜሎች ወደ ባሕር ወረወሩ። ቀለል ስትልና አንድ ትልቅ ሞገድ ሲያነሣት አመለጡ።

"ነካ ነው ያደረጋት፣ አበልጄ" አለ ክርስቶ። "አሸዋ እኮ ነው፤ ዓለት አይደለም። ሳማት ማለት ይቻላል።"

"ስንት ጊዜ ሳማት?"

"ከምሽት እስኪነጋ።"

"ይሄማ መሳም አይደለም፤ ጋብቻ ነው" አለ ትሪፖ፤ አንድ ጥቅል ክርም ከኪሱ አወጣ።

ማዕበልና ደለል መርከብን የሚጎዱት በየራሳቸው መንገድ ነው። ማዕበል ይነቀንቃል። በሳንቃዎቹ መካከል ያለውን ቃጫ ያስተፋል፣ የሸራ ምሰሶውን ያናጋል፣ መሪውን ከማጠፊያው ይነቅላል። ይህ ሁሉ እንደተነቃነቀ ጥርስ ነው፤ ያማል እንጂ አይገድልም። ደለል ግን አከርካሪ ይሰብራል። ከመርከብ ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘልቅ አንድ ወፍራም ግንድ አለ፤ ጎድን አጥንቶቿ ሁሉ የሚበቅሉት ከዚያ ነው። መርከቧ ሆዷ በደለሉ ላይ አርፎ አፍንጫዋና ጅራቷ ሲንጠለጠሉ ምን እንደሚሆን ማየት የሚፈልግ ሰው፣ መቅዘፊያውን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ ሁለቱን ጫፎች ወደ ታች ይጫናቸው። ከመሰበሩ በፊት መሃሉ ወደ ላይ ሲጎብጥ ያየዋል።

ክሩ የተፈለገው ለዚህ ነበር። ትሪፖ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ በላይኛው ወለል ላይ ወጥሮ አሰረው። የጤነኛ መርከብ ወለል መሃሉ ላይ ዝቅ ስለሚል፣ ከክሩ በታች አንድ ክንድ ያህል ክፍተት ይተዋል። ትሪፖ እጁን ከክሩ ሥር ሰደደ። የሳንታ ማርታ ክፍተት ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም ነበር።

ክርስቶ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። ከዚህች መርከብ ሌላ መርከብ አልነበረውም፤ ባለንብረቶቹም ደለል ላይ ላደረ ካፒቴን ሌላ መርከብ አይሰጡም።

ከባለንብረቶቹ ትልቁን ድርሻ የያዘችው እመት ዬላ ነበረች፤ ባሏን ባሕር የበላባት፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿ በዚችው መርከብ ላይ የሚያገለግሉ መበለት። ወደ ወደቡ ወርዳ ክሩን አየችና ብዙ አልጠየቀችም።

"ለዓለቷ እመቤት እንስጣት" አለች። "በበዓሏ ቀን ድንጋይ ሞልተን እዚያው እናስጥማት። ክብር እንጂ ውርደት አይደለም።"

እውነቷን ነው። በወሽመጣችን መሃል ያለችው የእመቤታችን ደሴት ያደገችው እንዲያ ነው። አባቶቻችን በአንዲት ትንሽ ዓለት ዙሪያ ድንጋይ እየጣሉ፣ ያረጁ መርከቦችንም ድንጋይ ሞልተው እያሰጠሙ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚቆምባት ምድር ሠሩላት። እኛም በየዓመቱ ሐምሌ ላይ በበዓሏ ምሽት በጀልባ ድንጋይ ወስደን እንጥላለን።

"እመት ዬላ፣ እስከ በዓሉ ይታገሡኝ" አለ ትሪፖ። "መጉበጧን አይቻለሁ፤ መሰበሯን ግን ገና አላየሁም።"

"ልጆቼ ናቸው የሚሳፈሩባት፣ ትሪፖ።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው በደንቡ ትቀመጣለህ።"

ደንቡ ይህ ነው፤ "ድናለች" የሚል ደፋኝ መርከቧ ጭነት ሳይኖራት ሆዷ ውስጥ ወርዶ በሳንቃዎቹ ላይ አመድ ይነሰንሳል፤ ከላይ ይዘጋበታል። ይዞት የወረደው ሻማ እስኪያልቅ አመዱ በእርጥበት ካልጠቆረ መርከቧ ደርቃለች። ከጠቆረ የተናገረው ቃል ከእሱ ጋር ውሃ ውስጥ ነው።

"እቀመጣለሁ" አለ ትሪፖ።

ሥራውን ከማዕበሉ ጉዳት ጀመረ። የተተፋውን ቃጫ አውጥቶ አዲስ ጠቀጠቀ፣ መሪውን አስተካከለ፣ ሴቶቹም "ቋ" ስትል ሰምተው ደስ አላቸው። ከሳምንታት በኋላ ግን ክሩን እንደገና ወጠረ። ስንዝር የነበረው ክፍተት ወደ ጭብጥ ወርዷል። መርከቧ መልሕቋን ጥላ እንደ መስታወት በተኛ ውሃ ላይ ቆማ፣ ነፋስ ሳይነካት፣ እየጎበጠች ነበር።

ይህ ትሪፖን ከማስፈራት ይልቅ አስገረመው፤ የሰውየው ትልቅነትም እዚህ ላይ ነው። ሌላው "አለቀላት" ብሎ ክሩን በጠቀለለ ነበር። እሱ ግን አንድ በርሜል ላይ ተቀምጦ የደረቀ በለስ እያኘከ ራሱን ይጠይቅ ጀመር። እንጨት ብቻውን አይጎብጥም። የሚጫነው አለ። ደለሉ ቦያና ቀርቷል። ማዕበሉ አልፏል። ታዲያ ማነው የሚጫናት?

ወደ ሆዷ ወርዶ ከጅራቷ ጀምሮ ያለውን ሁሉ በጣቱ እየነካ ሄደ። ከኋላ የካፒቴኑ ክፍልና ሁለቱ መድፎች አሉ፤ ከባድ ናቸው፣ ግን ድሮም ነበሩ። መሃሉ ባዶ ነው፤ የዘይቱ በርሜሎች ባሕር ውስጥ ቀርተዋል። አፍንጫዋ ጋ ሲደርስ፣ እንደ ወትሮው ቆቡን አውልቆ አማተበና በእመቤታችን ሥዕል ሥር የተከመሩትን ድንጋዮች ተሳልሞ ሊያልፍ ሲል፣ እጁ ድንጋዩ ላይ ቀረ።

በዚያች ሌሊት ደለሉ ላይ ሆነው መርከበኞቹ ተስለው ነበር። እመቤታችን ካወጣቻቸው ለደሴቷ ድንጋይ ሊያመጡላት። ስለት ደግሞ ካዳነህ ቦታ ነው የሚወሰደው። ስለዚህ ካመለጡ በኋላ በተጠለሉበት ገደል ሥር፣ እያንዳንዱ ሰው ደረቱ የሚችለውን ያህል ድንጋይ ተሸክሞ በሥዕሏ ሥር ከመረ። ከበዓሉ ቀን በፊት ከመርከብ ማውረድ ነውር ነው። እናም ትሪፖ፣ ያንን ሆድ ሁሉ የላሰው ሰው፣ በድንጋዮቹ አጠገብ ስንት ጊዜ አማትቦ አልፏል። ስለት ናቸው እንጂ ክብደት ናቸው ብሎ አንድም ቀን አላሰበም። ከእኛ ሰው ይህን የሚያስብ አልነበረም።

መሃሉ ባዶ፣ ሁለቱ ጫፎች ከባድ። ደለሉ የጀመረውን ስለቱ እየጨረሰው ነበር።

የስለቱ ጠባቂ የመርከበኞቹ አለቃ ባርቶል ነበር። ሁሉም "ባርባ" ይለዋል፤ በእኛ ዘንድ አጎት እንደማለት ነው። ትሪፖ ወጥቶ ሲነግረው የሽማግሌው ጢም ቆመ።

"ስለት ታወርዳለህ? አኔ ሾርባ ውስጥ ምን ጨምራብህ ነው?"

"ላውርድ አላልኩም፣ ባርባ። ከአፍንጫዋ ወደ ሆዷ ላሻግር ነው።"

"ስለት ይሻገራል እንዴ?"

"ታዲያ ከገደሉ እዚህ ድረስ በእግሩ መጣ?"

ክርስቶ ሳቁን አፈነ። ባርቶል ግን አልሳቀም። "ድንጋዩ ያለው ከሥዕሏ ሥር ነው" አለ። "ከእግሯ ሥር አንሥተህ ጨለማ ውስጥ ልትከምረው ነው?"

"ሥዕሏም ትምጣ" አለ ትሪፖ። "ስማኝ ባርባ፤ ወገቧ ወደ ላይ ጎብጧል። ድንጋዩን ከጫፏ ብናነሣ መጉበጧ ይቆማል። ወገቧ ላይ ብንጭነው ግን ቀስ እያለ ወደ ቦታዋ ይመልሳታል። መቅዘፊያ በጉልበትህ ላይ አጋድመህ ጫፎቹን ብትጫን መሃሉ ይጎብጣል፤ አሁን የምንጫነው መሃሉን ነው። የበላት ድንጋይ ያድናታል! እመቤታችን ስለቷን የላከችልን መድኃኒት አድርጋ ቢሆንስ?"

ባርቶል ወደ አፍንጫዋ ወርዶ ቆቡን አወለቀና ሥዕሏን ራሱ ከምስማሯ አነሣት። "ሌላ ሰው እንዳይነካት" አለ። "አንተ ደግሞ አንዲት ድንጋይ ጠብ ካደረግህ፣ የሚቀጥለው ስለት ራስህ ነህ።"

ድንጋዮቹን በወገቧ ግራና ቀኝ ከመሯቸው፤ መሃሉን ለሥራ ክፍት ተዉት። ከዚያ በኋላ የሆነው ለማየት ትዕግሥት ይጠይቃል። ትሪፖ በየሳምንቱ ክሩን ይወጥራል፤ ክፍተቱ ከጭብጥ ወደ ስንዝር፣ ከስንዝር ወደ ላይ ይሰፋል። ብልሃቱ ደግሞ ገና አላለቀም። ድንጋዩ በበዓሉ ቀን ሲነሣ አከርካሪዋ ተመልሳ ልትጎብጥ ትችላለች። ስለዚህ ወገቧ ቀጥ ባለበት ሰሞን አንድ ረጅምና ወፍራም የባሉጥ ግንድ፣ ከዛፎቻችን ሁሉ ጠንካራው፣ ከውስጥ በአከርካሪዋ ላይ አጋድሞ በብረት ችንካር ሰፋት፤ ለተሰበረ ክንድ መቃ እንደሚታሰር። ችንካሩን የመታው ክርስቶ ራሱ ነበር። እጁ እስኪላጥ ድረስ ደበደበ፤ ትሪፖ "ተው አበልጄ፣ ገባ እኮ!" እስኪለው።

የበዓሉ ምሽት ደረሰ። ጀልባዎቹ እርስ በርስ በገመድ ተያይዘው፣ ወንዶቹ እየዘመሩ ወደ ደሴቷ ሲቀዝፉ፣ ሳንታ ማርታ ከኋላ ተጎትታ ሄደች፤ በወለሏ ላይ ባርቶል የበዓሉን ወይን ይቀዳል። ትሪፖ ሆዷ ውስጥ አመዱን ነስንሶ ተቀምጧል። ደሴቷ ዳር ሲደርሱ መርከበኞቹ ድንጋዮቹን እጅ በእጅ እየተቀባበሉ ወደ ላይ ያወጣሉ፤ እያንዳንዱ ወደ ባሕር ሲወድቅ ድምፁ በሳንቃው በኩል ይሰማዋል። ክምሩ ሲያንስ ግንዱ ያቃስት ጀመር። ትሪፖ መዳፉን በባሉጡ ላይ አሳረፈ።

"ያዥ፣ እናቴ" አለ ቀስ ብሎ። "ያዥ።"

የመጨረሻው ድንጋይ ወጣ። ከላይ የእመት ዬላ ድምፅ፣ "ዝጉት" ሲል ተሰማ፤ መዝጊያው ወረደ። ሻማ፣ አመድና ሥዕሏ ብቻ ቀሩ። ማቃሰቱ ረዘመ፣ ከዚያ ቀጠነ፣ ከዚያ ቆመ። አመዱ ነጭ ነው። ሻማው ወደ ማለቁ ሲቃረብ ግን፣ ከግንዱ አጠገብ አንዲት ጥቁር ነጥብ ታየች። አጠገቧ ሌላ።

ትሪፖ በጉልበቱ ሄደ። የሁለት ወንድማማቾች ሕይወት፣ የአበልጁ እንጀራ፣ የራሱም ቃል በዚያች ነጥብ ላይ ነበር። ጣቱን አስነክቶ ወደ ምላሱ ወሰደ። ጨው አልነበረም። ዝናብም አልነበረም፤ ሐምሌ ላይ ሰማዩ ደረቅ ነው። እንደገና ቀመሰ። ቀና አለና በጭንቅላቱ ላይ ባለው ስንጥቅ በኩል ሦስተኛዋ ጠብታ ግንባሩ ላይ አረፈች።

"ባርባ ባርቶል!" ብሎ ጮኸ። "ወይንህን በራሴ ላይ አታፍስ!"

ከላይ ሳቁ እንደ ሞገድ ተነሣ። መዝጊያው ሲከፈት እመት ዬላ ራሷ ፋኖስ ይዛ ወረደች፤ አመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየች። ክርስቶ ከወለሉ ላይ፣ "ክሩ አልተነቃነቀም! ክንድ ሙሉ ነው!" ይላል።

"ከታች ድናለች" አለ ትሪፖ አመዱን ከጉልበቱ እያራገፈ። "የላዩን ስንጥቅ ግን ዘንግቼው ኖሯል። ነገ እደፍነዋለሁ።"

ዬላ ፋኖሷን ዝቅ አድርጋ ባሉጡን በእጇ ዳበሰችው። "ልጆቼ መቼ ነው የሚጭኑት?" ብላ ጠየቀች።

"ስንጥቁ እንደተደፈነ። ጭነቱን ከመሃል ይጀምሩ።"

ባርቶል ሥዕሏን ወደ አፍንጫዋ ሊመልስ ተከትሎ ወርዶ ነበር። ምስማሩን ከባሉጡ በላይ ባለው ምሰሶ ላይ ሲመታ ትሪፖ አየውና፣ "ቦታዋ እዚያ ነው እንዴ?" አለው።

"ስለቱ የሰመረው እዚህ ነው" አለ ሽማግሌው፣ መዶሻውን ሳያቆም። ሳንታ ማርታ በመከር ወደ ፑልያ ስትነሣም ሥዕሏ ከወገቧ ላይ አልተነሣችም።