ከእናቴ እግርጌ የተገኘው ጉድጓድ

አባቴ ጡረታ የወጣ የባዮሎጂ መምህር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘራውን ይዞ ሐረርን ቁልቁል የሚያየውን ሐኪም ጋራ ይወጣል፤ አንዳንዴም ወደ ኤረር በኩል በጫት ማሳዎቹ መሃል ይወርድና ሲመሽ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። የሚፈልገው አዋልዲጌሳ ነው። ለማያውቀው ሰው፣ ጆሮው የአህያ፣ አፍንጫው የአሳማ የሚመስል፣ ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቶ ውሎ ሲመሽ ምስጥ እየቆፈረ የሚበላ አውሬ ነው። በእኛ አገር ግን እንዲህ ብሎ የሚያውቀው የለም። በእኛ አገር አዋልዲጌሳ መቃብር ቆፍሮ ሬሳ የሚበላ ነው፤ በቃ። ስለዚህ በታየበት ሁሉ በዱላ ሲገደል ኖሯል፤ የቀረውም ጫቱ ሲስፋፋ ኩይሳው እየታረሰበት አልቋል ይባላል። እኔ በዕድሜዬ በዓይኔ አየሁት የሚል ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።

አባቴ «አልቋል» የሚለውን ቃል አይወድም። ክፍል ውስጥም «ጠፋ ማለት አላየሁትም ማለት ነው» ይል ነበር። ከጥንት ጀምሮ ጠፍቷል ሲባል ኖሮ በአጥማጆች መረብ ስለወጣው ዓሣ፣ ነጭ ሳር ሜዳ ላይ አንድ ክንፏ ብቻ ስለተገኘችው ወፍ ሲያወራ የሐረር ግማሹ ሰው ሰምቶታል፤ ግማሹ ሰው ተማሪው ነበራ። ለዚህም ነው ከተማው ሁሉ የሚቀልድበት። ባጃጅ ነጂው፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ ባለሱቁ፣ ያየው ሁሉ «መምህር፣ አገኙት?» ይለዋል። እሱ ፈገግ ብሎ ያልፋል። የምበግነው እኔ ነኝ። ሰው አንድ ለዛ የሌለው ቀልድ ዕድሜ ልኩን ሲደጋግም እንዴት አይሰለቸውም?

እናቴም አታምነውም ነበር፤ የእሷ ግን ሌላ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ዳቦውን በፌስታል ቋጥራ እየሰጠችው «ካገኘኸው ሰላም በልልኝ» ትለዋለች። እሱም «እሺ» ይላል፤ የምር አድርጎ።

ባለፈው ክረምት እናቴን ስኳር በሽታ ወሰደብን። አባቴ ጋራውን እርግፍ አድርጎ ተወው። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ጺሙን አይላጭ፣ ሬዲዮ አይከፍት። ከወጣትነቱ ጀምሮ ጓደኛው የሆኑ፣ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የሚሸጡ የጀጎል ሰው አሉ፤ ከሰዓት በኋላ የአስር ሰላታቸውን ሰግደው እየመጡ አጠገቡ ይቀመጣሉ። «ሰብር አድርግ እንጂ» ይሉታል። «አላህ የሰጠውን አላህ ወሰደው። ተነስ፣ ያን አውሬህን እንፈልገው፤ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ።» በአዋልዲጌሳው ከሚቀልዱት ሁሉ ዋነኛው እሳቸው ነበሩ። አባቴ ግን አይነሳም።

አርባዋ ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ወደ መቃብሯ ሄድን። ሐውልቱን ለሙት ዓመቷ እናሠራለን ብለን አፈሩ ላይ ድንጋይ ደርድረን፣ ዙሪያውን እሾህ አጥረን ነበር የተውነው። ጅብ በሰፈሩ እንደልቡ በሚመላለስበት ከተማ ይህን ሳያደርግ የሚቀብር የለም። በእግርጌዋ በኩል፣ ከእሾሁ አለፍ ብሎ፣ ሰው አጎንብሶ ሊገባበት የሚችል ጉድጓድ አየሁ። ትኩስ አፈር ወደ ኋላ ተዝቋል። ልጮህ አፌን ስከፍት አባቴ በእጁ «ቆይ» አለኝና በእሑድ ልብሱ ተንበረከከ። ጣቶቹን አንድ በአንድ አውሬው በጥፍሩ በተዋቸው ጭረቶች ውስጥ ሰደዳቸው። ቀጥሎ አፈሩ ላይ ጅራት የተጎተተበትን መስመር በከዘራው ጫፍ አሳየኝና ሳቀ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው።

ተናደድኩ። «ምን ያስቅሃል አባዬ? እማዬን ሊያወጣት እኮ ነው።»

«እሷን አይነካም» አለ። «ሳጥኑ ባሕር ዛፍ ነው፤ ምስጥ ገብቶበታል። እሱ የሚበላው እሷን የሚበላውን ነው።»

ይህን ያለው ሊያጽናናኝ ከሆነ አላጽናናኝም። የእናቴን ሳጥን ምስጥ እንደገባበት መስማት የሚፈልግ ልጅ የት አለ? ዞሬ አለቀስኩ። እሱ ግን ወደ ድንጋዩ ጠጋ ብሎ፣ እኔ የሌለሁ ይመስል፣ «ሰላም በልልኝ ስትዪ ራሱ መጣልሽ» አላት።

በማግስቱ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ አባቴ ከጓደኛው ጋር ሄደው ከመቃብሩ ግንብ ሥር ተቀመጡ። ሽማግሌው ተመልሰው ሲመጡ እኔን በር ላይ አግኝተው እጄን ያዙኝ። «ሱብሃነላህ፣ ልጄ፣ በዚህ ዓይኔ አየሁት። ጆሮውን ቀስሮ ወጣ፤ አፈሩን አሸተተ፤ እኛን ከቁምነገርም አልቆጠረን። ስንት ዘመን ሳቅሁበት አባትሽን። ያ ረቢ፣ አፉ በለኝ።» አባቴ ከኋላቸው ቆሟል፤ እንደ ሙሽራ አፍሯል።

በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ በዱር እንስሳት ጥበቃ ሥራ ላይ ላለ የድሮ ተማሪው ደወለ። ተማሪው አውሬ ሲያልፍ በራሱ የሚያነሳ ካሜራ ይዞ እንደሚመጣ ቃል ገባ። አንድ ነገር ብቻ ለመነው፤ «እስክመጣ ድረስ ለማንም አይናገሩ መምህር፤ ሰዉ ካወቀ ይገድለዋል።» አባቴም እሺ አለ። እሺ ያለው ከልቡ ነው፤ በዚህ አልጠረጥረውም።

ግን የእድራችን ስብሰባ መጣ። ጉዳዩ አልቆ ሰው ሊነሳ ሲል፣ የእድሩ ዳኛ ነገሩን ለማለዘብ ያህል፣ ሐዘንተኛ ፈገግ ቢል ብሎ፣ «መምህር፣ እንግዲህ አላገኙትም?» አለው። አባቴ ተነሳ። «አገኘሁት» አለ። የት እንዳገኘውም ተናገረ። ከዚያ የዱሮው መምህር መጣበት፤ ምላሱ ይህን ያህል ይረዝማል፣ ጥርሱ አጥንት አይሰብርም፣ ምስጥ ብቻ ነው የሚበላው እያለ በእጁ አየር ላይ እየሣለ አስረዳ። ጥሩ ትምህርት ነበር። ማንም አልሳቀም። ዳኛው ቆቡን አውልቆ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለው፤ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ያ ዝምታ እኔን ደስ አላለኝም። አባቴ ግን ወደ ቤት ስንሄድ «አየሽ፣ አንድም የቀለደ የለም፤ አመኑኝ እኮ» እያለ የሰፈሩን አቀበት እንደ ወጣት ወጣው።

እውነቱን ነው፤ አምነውታል።

ብዙም ሳይቆይ ቢሮ ሳለሁ ዳኛው ደወለልኝ። «መምህርን ይዘሽ ወደ መቃብሩ ነይ፤ ደስ የሚለው ነገር አለ» አለኝ። በባጃጅ ደረስን። የእድሩ ወንዶች ሱሪያቸው ሲሚንቶ ለብሶ ተሰልፈው ቆመዋል። ሥራቸውን ፈትተው እዚያ ነው የዋሉት። የእናቴ መቃብር በልስን አምሯል፤ መስቀልም ቆሞበታል። በእግርጌዋ ጉድጓድ የሚባል የለም፤ ድንጋይና ሲሚንቶ ሞልተው፣ ላዩን በግንበኛ ማንኪያ አስተካክለው ደፍነውታል። «ከእንግዲህ አንዳች ነገር አይደርስባቸውም» አለ ዳኛው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

አባቴ ጉድጓዱ ወደነበረበት እያየ «ስትደፍኑት ውስጡን አይታችሁት ነበር?» አለ።

«ነበረበት እንጂ» አለ ከመካከላቸው አንዱ፣ በሠራው ሥራ እየኮራ። «አፈሩ ከውስጥ ይገፋ ነበር። እኛም ድንጋይ ጨመርንበት።»

ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነው። አካፋው ግንቡ ላይ ተደግፏል። አባቴ አካፋውን አየው፤ እኔም ሲያየው አየሁት። ልቤ «አንሳው» አለ፤ ያው ልቤ «እማዬ እግር ሥር እንዳትቆፍር» አለ። ለሞተብህ ሰው ቀኑን ሙሉ ድንጋይ የተሸከሙልህን ሰዎች፣ እነሱ እያዩ፣ ሥራቸውን እንዴት ታፈርሳለህ? ቀብር ያወጣ ሰው ውለታው ለልጅ ልጅ ነው። አባቴ ባርኔጣውን አወለቀና ወገቡን ሰብሮ እጅ ነሳቸው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ» አላቸው። ሁሉም «አሜን» አሉ።

ጓደኛው ሲሰሙ «ቆፋሪ አይደል? ኢንሻአላህ በሌላ በኩል ወጥቷል» አሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ብዙ ምሽት ግንቡ ሥር ተቀመጡ። ምንም አልወጣም። ሲሚንቶው ግን እየነጣ፣ እየደረቀ ሄደ።

ተማሪው ካሜራውን ይዞ ሲመጣ እኛ ቤት ሰው ሞላ። ዳኛውም መጣ፤ «ሌላም ካለ ይጠቁሙንና የሁሉንም መቃብር እንጠብቃለን፤ ሌሎቹም እድሮች ሰምተው ተነስተዋል» አለ። ተማሪው ከአባቴ ፊት ተቀምጦ በቀስታ ጠየቀው፤ «መምህር፣ ያዩት በእርግጥ አዋልዲጌሳ ነው?»

አባቴ ከዘራውን ሲያሽከረክር ቆየ። «ዓይኔ ደክሟል ልጄ» አለ። «ሐዘን ላይም ነበርኩ። ጅብ ነው መሰለኝ ያየሁት።»

ሁሉም ወደ ጓደኛው ዞሩ። ሽማግሌው አባቴን ትክ ብለው አዩትና «አላህ ያውቃል» አሉ። ዳኛው አንገቱን ነቀነቀ፤ ሰዎቹም በዓይናቸው ተነጋገሩ። ሐዘኑ አእምሮውን ነክቶታል ተባለ። ተማሪው ካሜራውን ሳይፈታ፣ የመምህሩን ጉልበት ስሞ ሄደ።

ሰው ከወጣ በኋላ ብርጭቆ እየሰበሰብኩ ለምን እንደዋሸ ጠየቅሁት። በቁጣ ነው የጠየቅሁት። ዕድሜ ልኩን አንድ ሰው እንዲያምነው ሲለምን ኖሮ፣ ምስክር እያለው፣ በራሱ አፍ ራሱን እብድ አሰኘ።

«ምናልባት ሌላ ካለ» አለኝ።

«አለ እንዴ?»

«አላውቅም። ካለም እኔ ባላየው ይሻለዋል።»

አሁን ባጃጅ ነጂዎቹ ቀልዳቸውን እንደገና ጀምረዋል፤ በለዘበ ድምፅ፣ እንደ በሽተኛ እያባበሉ «መምህር፣ አገኙት?» ይሉታል። እሱም እንደ ዱሮው ፈገግ ይላል። ከዘራው በሩ ጥግ ቆሟል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ይውላል።