በስልክ ዳለቻ የሆነው ጥቁር በሬዬ

ባለፈው ዓመት ነው፣ መስቀል ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ ይሄን ግን አልረሳም። በዚህ ዕድሜዬ፣ በአማቾቼ ግቢ፣ ሰው ሁሉ እያየ የበሬዬን ቆዳ በእርጥብ መሐረብ ፈትገውብኛል። ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ለማየት።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እኔ ሆሳዕና አጠገብ የሌሞ ገበሬ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ አንባቢ ይቻለኝ። በሬ ማድለብ ግን ማንም አያስተምረኝም። ያን ዓመት ያደለብኩት በሬ ጥቁር ነበር። ጥቁር ስላችሁ የከሰል ጥቁር። ግንባሩ ላይ ብቻ እንደ ወተት የነጣ ቦቃ አለው። ጥቁሬ ነው የምንለው፤ ስም ለማውጣት ብዙ አልደከምንም።

ልጄ አማረች ያገባችው ዱራሜ ነው። የባሏ አባት አቶ ሀንዲሶ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሰፈራቸው ውስጥ ስምንት አባወራ ማህበር ገብተው፣ እኛ ሀዲያዎች ያሆዴ፣ እነሱ ከምባታዎች መሳላ ለሚሉት ለመስቀል በዓል በየዓመቱ አንድ በሬ ገዝተው ይካፈላሉ። ደወሉልኝና "በሬዎን ፈልገነዋል፤ ግን ማህበርተኛው ሳያይ አይወስንም። ቪዲዮ ይላኩልን" አሉኝ።

ድሮ በሬ የሚታየው በእግር ተሄዶ ነበር። ጥርሱ ይታያል፣ ሻኛው ይዳሰሳል። አሁን ሰው ሠልጥኗል፤ በሬን ቤቱ ተቀምጦ በጣቱ እየገፋ ያየዋል።

የኔ ስልክ መደወልና ባትሪ ማብራት ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ሆሳዕና መናኸሪያው አጠገብ የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ ተመስገን የሚባል ጎልማሳ ጋ ሄድኩ። ጢሙን ያሳደገ፣ ትሁት ሰው ነው፤ በትህትናው ላይ ቅሬታ የለኝም። ትልቁን ካሜራውን ይዞ በባጃጅ ግቢዬ ድረስ መጣ። በሬውን እንደ ሙሽራ አዙሮ አዙሮ ቀረጸው።

"አባባ፣ እጅዎን ጀርባው ላይ ያድርጉ" አለኝ። አደረግኩ። "ወደ ካሜራው ይዩ።" አየሁ። በሬው ግን አላየም፤ ከሁለታችን ብልሁ እሱ ነበር።

ስቱዲዮው ስንመለስ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ራሱን አከከ። "ፋይሉ ትልቅ ነው አባባ፣ በዚህ ኔትወርክ አይሄድም። ኮምፕረስ አደርገዋለሁ።"

"እሱ ደግሞ ምንድነው?"

"እጨምቀዋለሁ ማለት ነው። መጠኑ ያንሳል።"

"ሲጨመቅ ምን ይወጣዋል?"

"ምንም አይወጣውም።"

ዕድሜዬን ሙሉ ሴቶቻችን እንሰት ሲጨምቁ አይቻለሁ። ሁልጊዜ የሚወጣ ውሃ አለ፤ ውሃው ሲጠልልም ከሥሩ ቡላ ይገኛል። ምንም ሳይወጣው የሚያንስ ነገር እንግዲህ ተመስገን ቤት ብቻ ነው ያለው።

"ከመላኬ በፊት ይዩት" አለኝ።

"የገዛ በሬዬን? ጠዋት ማታ የማየውን?" ብዬ ጋቢዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ይቺን ቃሌን ያዙልኝ።

በማግስቱ አቶ ሀንዲሶ ደወሉ። ሁሉም ወደውታል፣ በሬው ይምጣ አሉ። በዋጋውም ተስማማን። ጥቁሬን አይሱዙ ላይ ጭኜ፣ እኔም ጋቢና ተቀምጬ ዱራሜ ገባሁ።

ማህበርተኛው በአቶ ሀንዲሶ ግቢ ተሰብስቦ ይጠብቀን ነበር። በሬው ሲወርድ "ወይ በሬ!" የሚል ሰው ጠብቄ ነበር። እነሱ ግን እርስ በርሳቸው በከምባትኛ ያወሩ ጀመር። የነሱ ቋንቋና የኛ ሀዲይኛ ዘመድ ስለሆኑ የገባኝን ያህል ገባኝ፤ የገባኝም ደስ አላለኝም።

ከመሃላቸው ዳዊት የሚባል ልብስ ሰፊ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረበኝና ስልኩን ዘረጋልኝ። "አባባ፣ እኛ ያየነው ዳለቻ በሬ ነው። እርስዎ ያመጡልን ጥቁር ነው።"

አየሁት። ግቢው የኔ ነው። አጥሩ የኔ ነው። ጋቢ ለብሶ ካሜራ ላይ ያፈጠጠው ሽማግሌም እኔው ነኝ፤ ከሞትኩ ሦስት ቀን የሆነኝ እመስላለሁ እንጂ። በሬው ደግሞ አመድ ላይ ተንከባሎ የተነሳ ነው የሚመስለው። ወተት የነበረው ቦቃው የዕቃ እጣቢ ሆኗል።

"ይሄው በሬ ነው" አልኩ።

"ታዲያ መንገድ ላይ ጠቆረ?" አለ አንዱ።

"ፀሐይ መትቶት ይሆናላ!" አለ ሌላው። ሳቁ።

ዳዊት ግን አልሳቀም። መሐረቡን ውሃ ነክሮ የበሬውን ጎን ይፈትግ ጀመር። ፈተገ፣ መሐረቡን ገልብጦ አየ፣ ደግሞ ፈተገ። በሬው ደስ ብሎት ቆመለት። ቆዳው የተላጠው እኔ ነኝ።

አማረች ጩኸት ሰምታ ከማድ ቤት ወጣች። "ይሄ እኮ የኛ ጥቁሬ ነው! ከጥጃነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ" አለች።

"ልጁ ናት፣ ምን ትበል" አለ አንዱ ቀስ ብሎ። ቀስ ማለቱ ነው የባሰው። ልጄ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች።

አቶ ሀንዲሶ ወደ ጎን ወሰዱኝ። "አቶ ኤርሲዶ፣ በሬው መልካም በሬ ነው። ነገሩ የቀለም አይደለም። አንዱን አሳይቶ ሌላ አመጣ ከተባለ ግን እኔም እዚህ ሰፈር ፊት የለኝ፣ ልጅቷም በማን ፊት ትወጣለች?"

ገባኝ። በሬውን መልሼ ወስዼ ሌላ ሰው ልሸጥለት እችላለሁ። አማረች ግን እዚሁ ነው የምትኖረው። ውሃ ልትቀዳ በሄደች ቁጥር በሬ ቀይሮ ያመጣው ሰውዬ ልጅ ትባላለች።

"እዚሁ ታስሮ ይቆይ" አልኳቸው። "ነገ ዳዊትን ይዤ ሆሳዕና እሄዳለሁ። እኔ ብቻዬን የማመጣላችሁን አታምኑም፤ እሱ በዓይኑ አይቶ ይንገራችሁ።"

"እኔ እኮ ሥራ አለኝ አባባ" አለ ዳዊት።

"የሰው በሬ ለመፈተግ ጊዜ ነበረህ።"

መጣ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ተመስገን ጋ ደረስን። የተላከውን ቪዲዮ በዳዊት ስልክ አየና "የስልኩ ብርሃን ነው" አለ። ዳዊት ብርሃኑን ከፍ አደረገ፣ ዝቅ አደረገ። በሬው ዳለቻነቱን አልለቅ አለ።

"እንግዲያው የዕለቱ ደመና ነው።"

ያን ቀን ፀሐይ እንደነበረና እሱ ራሱ ሁለት ጊዜ ውሃ ለምኖ እንደጠጣ አስታወስኩት። እሱም በዚያ በትህትናው "አባባ፣ ምናልባት ዓይንዎትን ሞራ ጀምሮዎት እንዳይሆን፣ ቢታዩ ጥሩ ነው" አለኝ።

"የኔስ ይሁን። ዱራሜ ላይ ስምንት አባወራን በአንድ ቀን ሞራ ያዘው?"

ዳዊትም ገባበት፤ ለኔ አዝኖ ሳይሆን ለሙያው ተቆርቁሮ። "ወንድሜ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጥቁር ክርና ግራጫ ክር አሳስቼ አላውቅም።"

እኔ ከገበያ የማውቀው አንድ ነገር ነው። እህል ከጎደለ ከመነሻው ጀምሮ እንደገና እየሰፈሩ መምጣት ነው፤ የጎደለበት ቦታ ራሱ ይናገራል። "መጀመሪያ ካሜራው ላይ ያለውን አሳየኝ" አልኩት። አሳየን። ከሰል። "ኮምፒውተሩ ላይ ያስገባኸውን።" ከሰል። "አሁን የጨመቅከውን።" አመድ።

"ይኸው" አልኩት። "ቡላው እዚህ ጋ ወጥቷል።"

ተመስገንን ላብ አጠመቀው። እንደገና ጨመቀው፤ አመድ። ብርሃኑን በእጁ ቀንሶ ጨመቀው፤ በሬው ጠቆረ፣ እኔም ጠቆርኩ፣ አጥሩም ጠቆረ፣ በጠራራ ፀሐይ የተቀረጸው ቪዲዮ መሸበት። ቀለም ጨመረበት፤ ጋቢዬ ሮዝ ሆነ። ዳዊት "ይሄስ ለሚዜ ይሆናል" አለ።

"ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖብህ አያውቅም?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ሰርግ ላይ አንዳንዴ ይሆናል" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሰዎች ሲያማርሩ የስልካችሁ ነው እላቸዋለሁ።"

ለካ እንዲህ ነው! የጎረቤቴ ልጅ የሰርግ ቪዲዮ ላይ ሙሽራውም ሙሽሪትም ሚዜዎቹም ወፍጮ ቤት ያደሩ ነበር የሚመስሉት። እኛ ደግሞ የዘመኑ አሠራር ነው ብለን አድንቀን ተነሳን።

"ተመስገን" አልኩት፣ "ገበያ ላይ አንዷ ጣሳውን እስከ አፉ ሞልታ ትሰፍራለች። ሌላዋ ጎደል አድርጋ ትሰፍራለች። ሁለቱም 'አንድ ጣሳ' ነው የሚሉት። ካሜራህና ይሄ መጭመቂያህ በአንድ ልክ ነው የሚሰፍሩት? ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?"

ሊስቅብኝ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ዘጋው። ማውዙን ይዞ እስከዚያ ቀን ገብቶበት የማያውቅ ቦታ ገባ። ጥቂት አነበበ። አዲስ አበባ ላለ የሙያ ጓደኛው ደወለ። "ሬንጅ፣ ሬንጅ" ሲባባሉ ሰማሁ። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ተለውጧል።

ያስረዳንን እንደገባኝ ልንገራችሁ፤ ሬንጅ የሚሉት የብርሃን መስፈሪያውን ልክ ነው። ካሜራው ብርሃን ሲሰፍር ከታችም ከላይም ትንሽ ትንሽ ቦታ ትቶ ነው። መጭመቂያው ፕሮግራም ግን "ይሄ ምንም ሳይተው ሞልቶ የተሰፈረ ነው" የሚል ምልክት ለጥፎበት ነው የሚያወጣው። ስልክ ደግሞ የዋህ ነው፣ የተለጠፈለትን ያምናል። ስለዚህ ጥቁሩ እስከ ታች ሳይደርስ አመድ ሆኖ ይቀራል፤ ነጩም እስከ ላይ ሳይደርስ እጣቢ ሆኖ ይቀራል። አንዲት ምልክት ናት። የኔን ስም ልታጠፋ የነበረችው እሷ ናት።

ቀየራትና እንደገና ጨምቆ ዳዊት ስልክ ላይ ላከው። ዳዊት ጨርቅ ገዢ እንደሚያደርገው ወደ በሩ ወጥቶ፣ ስልኩን ከፀሐይ ከልሎ አየ። ብዙ ቆየ።

"ከሰል ነው" አለ።

"እኔም እሱን ልላችሁ ነበር" አለ ተመስገን። ምኑን ሊለን እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ወደ ዱራሜ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ዳዊት "አባባ፣ መጀመሪያ ሲላክ እርስዎ አላዩትም ነበር እንዴ?" አለኝ።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ቃል ያን ጊዜ ተመለሰችብኝ። አንዴ ጎንበስ ብዬ ባየው ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ልዋሽ አሰብኩ፤ ውሸታም አይደለሁም ለማለት ይሄን ሁሉ መንገድ ከመጣሁ በኋላ ደግሞ አሳፈረኝ።

"አላየሁትም።"

"ለምን?"

"ስለማውቀው ነዋ።"

ዳዊት ሳቀ። "እኔም መሐረቡን የነከርኩት እርስዎን ስለማላውቅዎ ነው።"

ማህበርተኛው ፊት እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ዳዊት ነው የቆመው። ስልኩን ለእያንዳንዱ አዙሮ አሳየ። "ካሜራው ላይ ያለውን በዓይኔ አይቻለሁ። በሬው ይሄው ነው፣ ጥቁር ነው። የፈተግኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ የምጠይቀውም እኔ ነኝ" አለ። ፀሐይ መትቶት ይሆናል ያለው ሰውዬ ጫማውን ያይ ጀመር።

አቶ ሀንዲሶ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "አማረች፣ ለአባትሽ ወንበር አምጪ እንጂ!" አሉ። ትናንት ቆሜ እንደዋልኩ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ።

አማረች ወንበሩን አስቀመጠችልኝና ጎንበስ ብላ በሀዲይኛ "አባ፣ ቪዲዮው ላይ በጣም አርጅተሃል" አለችኝ።

"እሱ እንኳ የመጭመቂያው አይደለም" አልኳት። ሳቀች። ወደ ማድ ቤት ስትመለስ አንገቷን አልደፋችም።

ለመሳላ ሲያርዱ ሻኛውን በልጄ ባል እጅ ላኩልኝ። ጥርሴ አልቻለውም፤ ግን አልመለስኩትም።

አሁን ሆሳዕና ስወጣ ተመስገን ጋ ጎራ እላለሁ። የማንንም ሰርግ ጨምቆ ከመስጠቱ በፊት መጀመሪያ የኔን በሬ ይጨምቃል። ጥቁሬ ጥቁር፣ ቦቃውም ነጭ ሆኖ ከወጣ ሙሽሮቹ ተከትለው ያልፋሉ። አመድ ከሆነ ይቆማሉ። ዘንድሮ ሆሳዕና ላይ ያገቡ ሙሽሮች መልካቸውን ማን መርምሮ እንዳሳለፈላቸው አያውቁም። መርማሪው ከተበላ ዓመት ሊሆነው ነው።

ባለፈው ሳምንት ስገባ "አባባ፣ ይዩት እስቲ" አለኝ። በዚህኛው ጊዜ ጋቢዬን አላጣፋሁም። ተጠግቼ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። ያን ቀን ስንጨቃጨቅ ሁላችንም ያየነው ቀለሙን ብቻ ነበር። ጥቁሬ ግቢዬ መሃል ቆሟል፣ እጄ ጀርባው ላይ ነው። በሬው ወደ ካሜራው አላየም ብያችሁ ነበር፤ የት እንዳየ ግን አላወቅኩም ነበር። መጨረሻው ላይ አንዴ አንገቱን አዙሮ ያያል። ካሜራውን ሳይሆን እኔን።

አውቀዋለሁ ብዬ ይቺን ሳላያት ልቀር ነበር።

"እንዴት ነው አባባ?" አለኝ ተመስገን።

"ጥቁር ነው" አልኩትና ወጣሁ።