አልነዝር ያለው ማሽን

ሀርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ እጠግናለሁ። ከተማዋ እንደ አዲስ በምትገነባበት ዘመን ደንበኛ ሁሉ «ነዘረኝ፣ አስተካክልልኝ» እያለ ነበር የሚመጣው። ድሬዳዋ ያደገች አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ግን አንድ ማሽን ይዛ መጣችና «ወንድሜ፣ አልነዝር አለኝ» አለችኝ።

የማሽኑ ሥራ ሴሎችን ለቅጽበት በኮረንቲ መንዘር ነው አለች። ያኔ የሴሉ ሽፋን ይከፈትና ዲኤንኤ ይገባል፤ ኮረንቲው ከቆየ ግን ሴሉ ይሞታል። ሴሎቹ ጠዋት በበረዶ ታሽገው በአውሮፕላን ገብተዋል፤ ዛሬ ካልተሠራባቸው አበቃላቸው።

የተቃጠለውን ክፍል ቀየርኩ። መለኪያዬ ግን ያቺን ቅጽበት ሊይዛት አልቻለም። እኛ ጠጋኞች ደግሞ መለኪያ እምቢ ሲለን ጣት አለን። ቢስሚላህ ብዬ ነካሁት።

ራሴን ያገኘሁት ከጠረጴዛው ሥር ነው። መምህርቷ ልታነሳኝ አልመጣችም፤ ደብተሯን አወጣች።

«ሲነዝርህ ቆየ ወይስ ወዲያው ለቀቀህ?»

«ወዲያው» አልኩ እጄን እያሸሁ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ተሠርቷል ማለት ነው።»

«ቢቆይስ ኖሮ?»

ማሽኑን አቅፋ ውጭ ወደሚጠብቃት ታክሲ እየሄደች መለሰችልኝ፦

«ሴሎቼን እዚህ ማሽን ውስጥ አላስገባቸውም ነበር።»