ባለቤት በሚለው ላይ

አቃቂ በሰቃ ውስጥ ከወርቅነሽ አያና ጋር ያልተጣላ ሰው ካለ ገና አልተወለደም። ከቧንቧ ውሃ ወረፋ ጀምሮ እስከ ጥጥ ፋብሪካው በር ድረስ ምላሷ ያልደረሰበት የለም። ፎርማኑ ሳይቀር እሷ ባለችበት መስመር ሲያልፍ ወሬውን አቁሞ ነበር የሚያልፈው። «ሰው ዝም ካሉት አናት ላይ ይወጣል» ትላለች። ዝም ብላ አታውቅም፤ አናቷ ላይ የወጣው ግን ከቤቷ ነው፤ ባሏ ቀናው።

ቤቱ የእሷ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። ቀናውን ሳታገባ፣ ፈትል ክፍል ገብታ በምታገኘው ደሞዝ፣ ቦታውን ከአቶ ፈየራ ገዛች። አቶ ፈየራ የዚያ ሁሉ መስክ ጌታ ነበሩ፤ ወረቀት የሚባል ነገር ደግሞ አይወዱም። ሁለት ሽማግሌ ጠርተው፣ በእርምጃቸው ለክተው፣ በአራቱም ማዕዘን ድንጋይ አስቀመጡና «በይ ልጄ፣ ከአንቺና ከእግዜር በቀር ማንም አይነካው» አሏት። ጭቃውን በእረፍት ቀኗ በገዛ እግሯ ረገጠች። ቆርቆሮውን በየወሩ አንድ አንድ፣ ሲሞላላት ሁለት ሁለት እየገዛች አለበሰችው። ቀናው ሲያገባት ይዞ የመጣው አንድ የእንጨት ሳጥንና የምድር ባቡር ኮፍያውን ነው።

በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ቤት የሚመዘግቡ ሰዎች ወደ ሰፈሩ መጡ። ወርቅነሽ ሥራ ላይ ነበረች። «የአባወራው ስም?» ሲሉ በሩ ላይ የቆመው ቀናው የራሱን ስም ሰጠ። መዝጋቢዎቹ ምን ያውቃሉ? የተነገራቸውን ጻፉና ወደሚቀጥለው ቤት አለፉ። ወርቅነሽ ከፋብሪካ ተመልሳ ይህን ስትሰማ ጎረቤት እስኪሰበሰብ ጮኸች።

«አባወራ ማነው ሲሉኝ ማን ልበል? የእኔ የአንቺ አለው እንዴ?» አላት።

«ከሌለውማ በእኔ ስም አታስመዘግበውም ነበር?»

ቀናው ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ቤቴን ወደ ስሜ አዙር» ስትለው ኖረች። እሱም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በዚህ መሐል አቶ ፈየራ ሞቱ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎችም ተከተሏቸው። ለወርቅነሽ የሚመሰክሩላት ድንጋዮቹ ብቻ ቀሩ።

በስልሳ ሁለት ቀናው ከምድር ባቡር ጡረታ ወጣ። በትውልድ አገሬ በሞጆ ሥጋ ቤት ልከፍት ነው ማለት አበዛ። ወርቅነሽ «ቢላ መሳል የማታውቅ ሰውዬ» ብላ ሳቀችበት። እሱ ግን የምሩን ነበር፤ ለቤቱም ገዢ አገኘ፤ በገበያው ጨርቅ የምትሸጠዋን ዘኪያን።

ዘኪያ ከስልጤ አገር መጥታ ብቻዋን ሱቅ ያቆመች፣ ሳታጣራ እግሯን የማታነሳ ሴት ናት። ቀናውን ሱቋ አስቀምጣ አፋጠጠችው። በማን ስም ነው የተመዘገበው? ደብተሩን አሳየኝ። ግብሩ ተከፍሏል? ደረሰኙን አምጣ። በመያዣ የያዘው ሰው አለ? ውስጡስ የሚኖር ተከራይ አለ? ቀናው ሁሉንም እሺ እሺ እያለ መለሰ። በመጨረሻ «ሚስት አለችህ?» አለችው።

«አለች።»

«እንግዲያው ሚስትህ ካልፈረመች አልገዛም። ባል ብቻውን የሸጠው ቤት ነገ ሚስት መጥታ ታፈርሰዋለች። አዲሱ ሕግ ነው የሚለው።»

ቀናው ላብ በላብ ሆኖ ወጣ። ወርቅነሽን ለሽያጭ ፈርሚ ማለት ምን እንደሚያመጣ እሱ ያውቃል። ሦስት ቀን ሲያስብ ከረመና በአራተኛው ፋብሪካው በር ላይ ጠበቃት። ፊቱን አለስልሶ «ወርቄ፣ ጡረታ ወጣሁ፤ ከእንግዲህ ነገ አይታወቅም። የቤቱን ነገር ልጨርስልሽ ነው። ወልደገብርኤል ጋ እያስጻፍኩ ነው፤ አንቺ መጥተሽ አሻራሽን ማኖር ብቻ ነው የቀረሽ» አላት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሽሮ ውስጥ ጠጠር የምትፈልግ ሴት ናት። ያን ቀን ግን ልቧ ቀለጠ። አሥራ አንድ ዓመት የለመኑት ነገር ሲመጣ ሰው ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለሌላ አይደለም።

ወልደገብርኤል ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ማመልከቻና ውል የሚጽፉ ሽማግሌ ናቸው። እሷ ስትደርስ ውሉን ለቀናውና ለእማኞቹ አንብበው ጨርሰዋል፤ ዘኪያም በጠዋት ፈርማ ወደ ሱቋ ተመልሳለች። ወርቅነሽ ፊደል አትለይም። ጎንበስ ብላ «የእኔ ስም የቱ ጋ ነው?» አለች።

ሽማግሌው ታችኛው መስመር ላይ ጣታቸውን አኖሩ። «ይኸው። ባለቤት፣ ወይዘሮ ወርቅነሽ አያና።»

«ባለቤት ይላል?»

«ባለቤት ይላል።»

«እስቲ ደግመው ይበሉልኝ፣ አባባ።»

ደገሙላት። ደስታዋ እንባ ሆኖ መጣባት። «በነገሩ ተስማምተሻል?» ሲሏት «ተስማምተሻል ይሉኛል? አሥራ አንድ ዓመት የለመንኩት እኮ ነው!» ብላ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ አሽታ ጥርት አድርጋ አተመች። ቀናው ቀና ብሎ አላያትም። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ዘኪያን ከሱቋ ጠርቶ አብረው ፍርድ ቤት ገብተው አስመዘገቡት። በማግስቱ ለዘመድ ጥየቃ ብሎ ሞጆ ሄደ።

በሳምንቱ ዘኪያ ዕቃዋን በጋሪ ጭና መጣች። ወርቅነሽ በሩ መሐል ቆማ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ምን ልትሸጪልኝ ነው?» አለቻት።

«ቤቴን ልረከብ ነው። ባልሽ አልነገረሽም?»

ከዚህ በኋላ የተባለውን ሁሉ አልደግምም። ባለጋሪው እንኳ ፈረሱን ወደ ኋላ ሳበ። ወርቅነሽ ሌባ አለቻት፤ ደረቅ አለቻት፤ ደፍረሽ ደፌን ብትረግጪ እግርሽን እሰብራለሁ አለቻት። ዘኪያ አልተመለሰችም። ውሉን ከመቀነቷ አውጥታ ዘረጋችው።

«ሌባ ሚስት ካልፈረመች አልገዛም ይላል? ይህ አሻራ የማን ነው?»

«የእኔ ነው! ባለቤት በሚለው ላይ ነው ያተምኩት። ባለቤቷ ነኛ!»

ዘኪያ ወረቀቱን አየች፤ እሷንም አየች። «የቤቱ ባለቤት አይደለም እኮ የሚለው» አለች። «የሻጭ ባለቤት ነው የሚለው። ሚስቱ ማለት ነው።»

ወርቅነሽ ወረቀቱ ላይ ያለውን የገዛ አሻራዋን አየች። ከዚያ በሩን በዘኪያ ፊት ጠረቀመችው።

ነገሩ ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኛው «የአቶ ቀናው ባለቤት አንቺ ነሽ?» ብለው ሲጀምሩ «ጌታዬ፣ በዚህ ቃል አይጠይቁኝ። ሚስቱ ነሽ ወይ ይበሉኝ» አለች። ችሎቱ ሳቀ፤ ዳኛው አልሳቁም። ቦታውን ከአቶ ፈየራ የገዛሁት ሳላገባ ነው ስትል «ውሉ የታለ?» አሏት። በአፍ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት በአፍ አይሸጥም፣ እማኞቹስ? ሞተዋል። መዝገቡ በማን ስም ነው? በቀናው። ተታልያለሁ ስትል ወልደገብርኤል ተጠሩ። ሽማግሌው መስቀል ጨብጠው ምለው፣ ተስማምተሻል ብለው እንደጠየቋት፣ እሷም አሥራ አንድ ዓመት የለመንኩት ነው እንዳለች ተናገሩ። አንድ ቃል አልዋሹም።

ዳኛው ፈረዱ። ባልሽ አታሎሽ ይሆናል፤ ገዢዋ ግን ማታለሉን ማወቋ አልተረጋገጠም፤ የገዛችውን አናስለቅቃትም። ከሽያጩ የሚደርስሽን ድርሻ ባልሽን ጠይቂ አሏት። ድርሻዋ ግን ሞጆ ላይ የቀናው ሥጋ ቤት ሆኖ፣ በረንዳ ወጥቶለት፣ ሥጋ መስቀያ ብረት ተገዝቶበት ነበር።

ግቢው ውስጥ ዘኪያ ጠበቀቻት። «እስከ ወር መጨረሻ ተቀመጪ። ከዚያም ከፈለግሽ የጓሮውን ክፍል በርካሽ አከራይሻለሁ» አለች። ክፋት አልነበረባትም፤ ወርቅነሽን የባሰ ያናደዳት እሱ ነው።

«በእግሬ የረገጥኩት ጭቃ ውስጥ በኪራይ ልግባ? ቤቱን ወሰድሽ፤ ደግነትሽን እንኳ ለራስሽ ያዢው» አለችና ቁልፉን ከአንገቷ ፈትታ እግሯ ሥር ጣለችላት። ዘኪያ ጎንበስ ብላ አነሳችው።

ያኔ ነው ቀናው ከአጥሩ ጥግ ብቅ ያለው። ችሎት ውስጥ ቃሉን ከሰጠ በኋላ አጠገቧ ለመቆም አልደፈረም ነበር። ኮፍያውን በእጁ እያዞረ «በቃ አለፈ፤ ሞጆ እንሂድ። ምንም ቢሆን ባለቤቴ ነሽ» አላት።

ወርቅነሽ አልጮኸችም። ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ሰምቶ ስለማያውቅ ቀናው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«የአገሩ ሴት ሁሉ ባል በነፃ ነው የሚያገባ» አለችው። «እኔ ግን ያንተ ባለቤት ለመባል ቤቴን ከፈልኩ። ውድ ነህ፣ ቀናው። አቅሜ አይችልህም።»

ነጠላዋን አጣፍታ ሐዲዱን ተሻገረች። የከሰዓት ተረኛ ነበረች፤ ፋብሪካው በር ላይ ስትደርስ ሰው መግባት ጀምሯል።