በትልቁ ጋን የሚጠመቀው

አማከለች በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ ጋኖቿን ወደ ደጅ ታወጣለች። በግራዋ ቅጠል አሽታ ታጥባቸዋለች፤ ዝናቡ ጋብ ካለ ፀሐይ ታስመታቸዋለች። ከዚያ ባሏ ሙላት በርጩማው ላይ ተቀምጦ እያያት፣ እያንዳንዱን ጋን በእጇ መታ መታ እያደረገች የመጪውን ዓመት ጠመቃ ትወስናለች።

«ይኼ ለመስቀል። ይኼ ለኅዳር ሚካኤል ማኅበር። ይኼ ደግሞ እንደ ወትሮው ለቤት ጠጪ።»

መርሳ ውስጥ ከመናኸሪያው ጀርባ በደጃቸው ጣሳ ከሰቀሉት ጠላ ሻጮች መካከል እንደ እሷ ዓመቱን አስቀድማ የምታደላድል አልነበረችም። ጌሾው ከየት እንደሚመጣ፣ ማሽላው መቼ እንደሚረክስ፣ ብቅሉ በየትኛው ሳምንት በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ እንደሚያጎነቁል፣ ሁሉም በልቧ ተሰድሮ ነው አዲስ ዓመት የሚጠባው።

አራተኛው ጋን ግን ወደ ደጅ አይወጣም። ትልቁ ጋን ነው፤ እስከ ትከሻው ድረስ ጓዳው መሬት ውስጥ ተቀብሯል። እሱን እዚያው ጎንበስ ብላ ታጥበዋለች። ልጃቸው ኪሩቤል ከጠፋ ወዲህ በየጳጉሜኑ የጋኑን ከንፈር እየዳበሰች «ይኼ ለኪሩቤል ሰርግ» ትላለች። ጋኑም ዓመቱን ሙሉ ባዶውን ይከርማል።

ኪሩቤል አንድያ ልጃቸው ነው። በወልድያና በመርሳ መሀል ሚኒባስ ይነዳ ነበር። በጦርነቱ ዓመት፣ አገሩ ሲታወክ፣ «መኪናውን ከወልድያ አውጥቼ ልምጣ» ብሎ በጠዋት እንደወጣ አልተመለሰም። አንዱ በሐራ መንገድ በእግሩ ሲሄድ አይቼዋለሁ አለ። ሌላው የለም፣ ያ ሰው እሱ አልነበረም አለ። መኪናው ተቃጥሎ ተገኘ፤ ውስጡ ማንም አልነበረም። ሰው ሁሉ ስለ መኪናው መቃጠል ሲያወራ አማከለች የያዘችው የኋለኛውን ነው። ውስጡ ማንም አልነበረም።

ዘንድሮ ጳጉሜን የገባው ሙላት ታሞ ነው። ሆዱ ተነፍቷል፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ወንድሙ ዘውዱ ሊጠይቀው ከግራና ከተማ መጥቶ አጠገቡ ተቀምጦ ይጠጣል። አማከለች ሦስቱን ጋኖች እንደ ልማዷ ከወሰነች በኋላ ወደ ጓዳ ገብታ እጇን ትልቁ ጋን ላይ አሳረፈች።

«ይኼ ለኪሩቤል...»

«ለተዝካሩ» አለ ሙላት።

እጇ እዚያው ቀረ።

«እውነቱን ነው እትዬ» አለ ዘውዱ። «ልጁ ሳይፈታ ይኸው ስንት ዓመቱ! ሬሳው ባይገኝ ነፍሱም ትንከራተት?»

«ሬሳ የምትለው የማንን ነው?»

«እኔማ...»

«ጠላዬን እየጠጣህ ልጄን አትቅበርብኝ!»

ዘውዱ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። «ተያት» አለው ሙላት። ወደ ጓዳው ዞሮ ደግሞ «አንቺም ተይው፤ ቢጠጣም ባይጠጣም አፉ ያው ነው» አለና ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው። ሳሉ ሲለቀው ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«አማከለች፣ እኔ ፋሲካን አላይም። ሐኪሙም ቤቱ ይሁን ብሎ ነው የሸኘኝ። ልጄን ሳላስፈታ ብሄድ ማን ያስፈታዋል? አንቺ እንደሆንሽ ገና ሚዜ ትመርጪለታለሽ።»

ከጓዳው የሚሰማው ግራዋው ከጋኑ ጋር ሲፋተግ ብቻ ነበር።

«በጥቅምት ይሁን» አለች በመጨረሻ።

ሙላት በዚህ ብቻ ሰላም አገኘ። መስከረምን ሙሉ በግና ድንኳን ሲያስብ፣ ማን እንደሚጠራ ከዘውዱ ጋር በስልክ ሲመክር ከረመ። ይህን ሁሉ እያየች አማከለች በልቧ ሌላ ነገር ይዛ ነበር። ተዝካር ያለ ክርስትና ስም አይሆንም። ቄሱ ፍትሐት ሲያደርግ ኪሩቤል ብሎ አይጠራም፤ በጥምቀት በወጣለት ስም ነው። ያንን ስም ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። የክርስትና አባቱ ከሞተ ቆይቷል። ሙላት ልጁ በአርባ ቀኑ ተጠምቆ ክርስትና ሲነሳ በከባድ መኪናው ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር። ሲመለስ አንዴ ነግራው ረስቶታል። ኋላም አልጠየቀም፤ በክርስትና ስም ልጅ ለምሳ አይጠራ። እሷም ብትሆን የልጇን የክርስትና ስም በየሜዳው የምትናገር እናት አይደለችም።

ጠላውን እሰጣቸዋለሁ፣ ስሙን ግን አልሰጣቸውም አለች። በጉ ይታረድ፣ ሰው ይብላ፣ ሙላትም ይረፍ። ልጄ ግን ሳይጠራ ይቀራል።

ስለዚህ ቄሱ መምሬ አበባው ተዝካሩ ሳምንታት ሲቀሩት መጥተው «የክርስትና ስሙን ማን እንበል ልጄ?» ሲሏት፣ «ገብረ ሕይወት ይበሉት አባ» አለቻቸው። ገብረ ሕይወት ድሮ የሞተው ወንድሟ የክርስትና ስም ነው። ጸሎት ለወንድሜ ቢጎድልበት እንጂ አይበዛበትም ብላ ራሷን አጽናናች።

ጠላው ግን አላጽናናትም። ትልቁን ጋን በወይራ አጥና ጌሾውን ከጠነሰሰች በኋላ፣ አንድ ጠዋት እንኩሮውን ስታምስ ጎረቤቷ ሳሚራ እየሮጠች ገባች። ለእስላሞቹ እንግዶች ጌሾ የሌለበትን ቀሪቦ የምታዘጋጀው እሷ ናት፤ የቆላችውን ገብስ ይዛ ነበር የመጣችው።

«አንቺ! እንኩሮሽ አረረ!»

አማከለች ምጣዱን አየችው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠቁሯል። በሕይወቷ እንኩሮ አሳርራ አታውቅም።

«ጌሾሽን ባልቀምስ እንኳ» አለች ሳሚራ ምጣዱን እያወረደች፣ «ያረረ ነገር እስላምም ክርስቲያንም ያውቀዋል። ወላሂ ልብሽ እዚህ የለም።»

«ልቤ እዚሁ ነው። እጄ ነው የሌለው።»

ሳሚራ ገብሷን አስቀምጣ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሞቷል ብለሽ ነው የምትጠምቂው?»

«ሙላት ብሏል።»

«አንቺስ ምን ታውቂያለሽ?»

«ምንም።»

«አላህ ያውቃል። አብሽሪ። ተነሺ፣ ዱቄት አምጪ፣ እንደገና እናምሳለን።»

የተዝካሩ ዕለት ጠላው ሰመረ። ጠጪ ሁሉ አመሰገናት፤ ምስጋናው እንደ እሾህ ነበር። ሙላትን ከነፍራሹ አውጥተው ድንኳኑ አፍ ላይ አስቀመጡት። መምሬ አበባው ቆመው «ነፍሰ ገብረ ሕይወት» ሲሉ ሴቶቹ አለቀሱ። ሙላት አላለቀሰም። አንገቱን ቀና አድርጎ በሰው መሀል አማከለችን ፈለጋት። እሷ ማሰሮ ይዛ ትቀዳ ነበር፤ ዓይኗን ከብርጭቆው አላነሳችም።

በማግስቱ ጠዋት ጎረምሶች ድንኳኑን ይነቅላሉ። አማከለች ጓዳ ውስጥ ተንበርክካ ከትልቁ ጋን አተላውን ታወጣለች፤ የሳሚራ ላም ትጠብቀዋለች። ሙላት ከአልጋው ሆኖ ጠራት።

«ጋኑን አታድርቂው» አለ። «እርጥቡን ይቆይ። በቅርቡ ያስፈልግሻል።»

«ዝም በል።»

«የእኔን የገብስ አድርጊው። የማሽላው ያስገሳኛል።»

«አንተ እንደሁ አትጠጣው!»

«እንግዶቹ እንዳያሙኝ ብዬ ነው።» ወደ ጓዳው ዞረ። «ትናንት የተጠራው ስም የማን ነው?»

«የልጅህ።»

«አማከለች።»

አተላውን መዛቅ አቆመች።

«ገብረ ሕይወት ሲባል ድሮም ሰምቻለሁ። የወንድምሽን ድንኳን የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ከቄሱ አጠገብ ነበር የቆምኩት።»

ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። አተላው ከእጇ ይንጠባጠባል።

«አልቻልኩም» አለች። «አፌ እምቢ አለኝ።»

«አየሁሽ እኮ።»

«ዘውዱም ነቅቶበታል?»

«ዘውዱ የሰማው ሥጋውን ነው።»

ሁለቱም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። ሙላት ግን ደክሞት ዓይኑን ጨፈነ፤ እንደጨፈነም ተናገረ።

«ሌላ ተዝካር አውጪ አልልሽም። ለቄስም አትንገሪ። ለእኔ ብቻ ንገሪኝ።»

«ለአንተ ምን ያደርግልሃል?»

«ስሄድ እጠይቅበታለሁ። ኪሩቤል ብል እዚያ ማን ያውቀዋል? የሚያውቁት በክርስትና ስሙ ነው። ካገኘሁት ብቻውን አይሆንም። ካጣሁት ደግሞ አንቺ ልክ ነበርሽ፤ ልጁ እዚሁ ምድር ላይ ነው።»

«ብታጣውስ? እንዴት ብለህ ትነግረኛለህ?»

ሙላት ዓይኑን ገልጦ አያት። የዋሻት ነገር ብዙ ነው፤ ይኼን ግን ሊዋሻት አልፈለገም።

አማከለች እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለችና ስሙን ነገረችው። ሙላት ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ መጀመሪያ ተሳሳተ።

«እንደሱ አይደለም» አለችው። እንደገና ነገረችው።

ደገመው። አሁንም አንዷን ቃል ዋጣት። ውጭ ጎረምሶቹ ካስማ እየነቀሉ ይጯጯሃሉ፤ እሷ ግን አፏን ከጆሮው ሳታነሳ፣ እስኪይዘው ድረስ ትደጋግመው ነበር።