ሞጣ ላይ ያስቆምኩት ሳቅ

ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ቢቸና አሥራ አንደኛ ክፍል ስማር ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ መንገድ ላይ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ያየኝ ሰው አበደች ቢል ይበል።

እኔ ስናገር እንተባተባለሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የቢቸናና የሞጣ ተማሪዎች ሲከራከሩ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳልጨርስ ሳቁብኝና አልቅሼ ከመድረክ ወረድኩ። ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አላውቅም።

በዓመቱ የታሪክ መምህራችን ቲቸር ዘሃራ ለዚያው ክርክር እንደገና መረጡኝ። የከሚሴ ሰው ናቸው፣ እልኸኛ።

«ቲቸር፣ ይተዉኝ፤ ያዋርዱኛል» አልኳቸው።

«አሁን ከሸሸሽ ዕድሜ ልክሽን ስትሸሺ ነው የምትኖሪው» አሉኝ። አሻፈረኝ ብልም አልሰሙኝም።

ያን ሰሞን ሬዲዮው የሚያወራው ጎረቤት አገር ስለገባ አንድ ጦር ነበር። የክርክሩም ርእስ ከዚያው ወጣ፤ የአንድ አገር ጦር የጎረቤቱን ድንበር ጥሶ ሲገባ የውጭ ኃያላን መናገራቸው ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? ዕጣ ሲወጣ ለእኛ «ይጠቅማል» ደረሰን። ከባዱ!

ሞጣ ስንደርስ አዳራሹ ጢም ብሏል። ከዳኞቹ መካከል ነጭ ጥምጥም ያደረጉ አንድ የቅኔ መምህር አሉ። የሞጣው ተከራካሪ ይበልጣል የሚባል አፈ ጮሌ ልጅ ነው።

«ኃያላኑ ‹አሳስቦናል› ይላሉ፣ ‹እናወግዛለን› ይላሉ» አለ። «ታንክ ወሬ ሰምቶ ይመለሳል? ደግሞስ ጠላታቸው ሲገባ ኡኡ፣ ወዳጃቸው ሲገባ ዝም! እስኪ በባዶ ቃል የቆመ ጉልበተኛ ካለ አሳዩኝ!»

ጭብጨባው ቀለጠ። እኔም በልቤ «እውነቱን ነው» አልኩ።

ተራዬ ደረሰና ተነሳሁ። «የ... የ... የ...»

ከኋላ አንዱ «ሞተሩ አልነሳ አለ፣ ግፏት!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

እንባዬ መጣ። ከእንባዬ ጋር ግን ንዴትም መጣ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አባቴ ገበያ ላይ ሰው ሲደባደብ እንደሚጮኸው ጮኽኩ፦

«በሕግ አምላክ!»

አንዲት ፊደል አልያዘችኝም።

ጸጥ! በእኛ አገር ይህን የሰማ ሰው ዱላ አንስቶ እንኳ ቢሆን ባለበት ይቆማል፤ ረግጦ ማለፍ ነውር ነው። ሲስቅ የነበረው ሁሉ አፉን ያዘ። የቅኔ መምህሩም ሳይቀሩ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ቆሙ።

ያን ዝምታ ሳይ መልሴን አገኘሁት። ቀስ ብዬ፣ እየተያዝኩም ቢሆን፣ ተናገርኩ።

«ይበልጣል፣ በባዶ ቃል የቆመ አሳዩኝ ብለሃል። ይ... ይኸው! ዱላ አልያዝኩም፣ ጉልበትም የለኝ። ቃሌ የሠራው ሁላችሁም ስለቆማችሁ ነው። ግማሻችሁ ቆማችሁ ግማሻችሁ ብትስቁ ኖሮ ከንቱ ነበር። የኃያላኑም ቃል የረከሰው አብረው ስለማይቆሙ ነው። ለወዳጅም ለጠላትም እኩል ‹ውጣ› ይበሉ፤ ያኔ የገባው ጦር መ... መውጫውን ይፈልጋል!»

ይበልጣል «ዓለምና አዳራሽ አንድ አይደሉም» ብሎ ሊመልስ ሞከረ፤ ጭብጨባው ግን ዋጠው። የሞጣ ልጆች ራሳቸው ነበሩ የሚያጨበጭቡት!

የቅኔ መምህሩ «ልጄ፣ ዳኛውን ያስቆመ ተከራካሪ ዛሬ ገና አየሁ» አሉና ድሉ ለቢቸና መሆኑን ተናገሩ። ቲቸር ዘሃራ እልልታቸውን አቀለጡት፤ ስንመለስ ጉንደ ወይንን እስክናልፍ አላቋረጡም። «ሞተሩ አልነሳ አለ» ያለው ልጅ ደጅ ጠብቆ ይቅርታ ጠየቀኝ። ይቅር አልኩት፤ ትንሽ ግን አስለመንኩት፣ ምን ይዋሻል!

ዛሬም እንተባተባለሁ፤ አልለቀቀኝም። ስሜን የሚጠይቀኝን ሰው ግን ዓይን ዓይኑን እያየሁ «ማ... ማ... ማስተዋል» እላለሁ። የቸኮለ ካለ ይጠብቅ።